ቀጥ ያለ ዓምድና የጎደለ ቁጥር፦ «ኮለም» ከተባለው የጽሑፍ አሰላላፊ መገልገያ የተገኘ ትምህርት

በምርምር ሥራ ውስጥ ሠንጠረዥ የልፋት ሁሉ ማሳረፊያ ነው። ለወራት የተለቀመ መረጃ ተበጥሮ፣ ቁጥር በቁጥር ሥር ተሰልፎ ሲታይ የጸሐፊውም የአንባቢውም ልብ ያርፋል። ሰልፉ ካልተዛነፈ ቁጥሩም አልተዛነፈም የሚል እምነት፣ ማንም ሳይናገረው፣ በሁለቱም ዘንድ ያድራል። በዝናብ መረጃ ላይ ጥናት ታካሂድ የነበረች አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያሳስት የተረዳችው ከአንድ ፋይል የወጡ ሁለት ሠንጠረዦችን ጎን ለጎን ካስተያየች በኋላ ነበር። አንደኛው የተንጋደደ፣ ሁለተኛው ቀጥ ያለ ነበር። የተንጋደደው ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ቀጥ ያለው ስሕተት።

ሁለቱንም ያወጣው በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ በትእዛዝ መስመር የሚሠራ «ኮለም» የተባለ ትንሽ መገልገያ ነው። የስሙ ፍቺ ዓምድ ማለት ነው፤ ሥራውም ጽሑፍን በዓምድ ማሰለፍ ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተዘጋጀው 4.3 ቢኤስዲ ሬኖ ከተሰኘው የዩኒክስ ሥሪት ጋር ነው። ያለ ተጨማሪ አማራጭ ሲታዘዝ ረጅም ዝርዝርን በስክሪኑ ስፋት ልክ ከፋፍሎ በበርካታ ዓምዶች ያሰፍራል። «ቲ» የተባለው አማራጭ ሲጨመርበት ደግሞ እያንዳንዱን መስመር በመለያ ምልክቱ ላይ እየቆረጠ ሠንጠረዥ ይሠራል። ለዚህም አስቀድሞ ፋይሉን እስከ መጨረሻው ያነባል፤ በየዓምዱ ረጅሙን ቃል ወይም ቁጥር ይለካል፤ አጫጭሮቹን በባዶ ቦታ እየሞላ ከረጅሙ ጋር ያስተካክላል፤ ከዚያም በዓምድና በዓምድ መካከል ሁለት ባዶ ቦታ ትቶ ያትማል። የሚያሰልፈው ነገር ዝናብ ይሁን ገንዘብ፣ ስም ይሁን ዓመተ ምሕረት አያውቅም። የሚያውቀው ርዝመትን ብቻ ነው።

የተማሪዋ መረጃ ከተለያዩ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች የወረቀት መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ ነበር። እያንዳንዱ መስመር የጣቢያውን ስም፣ ዓመቱን፣ ከዚያም የበልጉን፣ የክረምቱንና የበጋውን የዝናብ መጠን በሚሊ ሜትር ይዟል። አንዱ ከሌላው የተለየው በኮማ ነው። መዝጋቢው ሳይመዘግብ የቀረበት ወቅት ሲያጋጥም፣ ገልባጮቹ በሁለት ኮማዎች መካከል ምንም ሳይጽፉ አልፈዋል። ፋይሉ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ስለነበሩት በዓይን ለመከታተል አድካሚ ነበር፤ «ኮለም»ን የመረጠችውም በአንድ ትእዛዝ መላውን ፋይል ሊያሰልፍላት ስለሚችል ነው።

በራሷ ላፕቶፕ ላይ ያደረገችው የመጀመሪያ ሙከራ ወዲያው ከሸፈ። መለያው ምን እንደሆነ ካልተነገረው ፕሮግራሙ ባዶ ቦታን እንደ መለያ ይወስዳል፤ ስለዚህም ደብረ ብርሃን «ደብረ» እና «ብርሃን» ሆኖ በሁለት ዓምድ ተከፈለ፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባም እንዲሁ። ይህ ስሕተት በግልጽ የሚታይ ስለነበር ጉዳት አላስከተለም። «ኤስ» በተባለው አማራጭ መለያው ኮማ መሆኑን ስትነግረው ስሞቹ ተመልሰው ተገጣጠሙ። ሠንጠረዡ ግን አሁንም አልተቃናም፤ ቁጥሮቹ በአንዱ ረድፍ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ዘመም ብለው ታዩ።

ጥርጣሬዋ በመጀመሪያ ያረፈው በፊደሉ ላይ ነበር፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ሥሪት ነው፤ ዛሬ በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «አዲስ አበባ» ለዓይን ከነባዶ ቦታው ሰባት ቁምፊ ነው፤ በባይት ሲቆጠር ግን 19 ይሆናል። «ጎንደር» አራት ቁምፊ ነው፤ በባይት 12። ባይት የሚቆጥር ፕሮግራም ሁለቱን ለማስተካከል ከጎንደር በኋላ ሰባት ባዶ ቦታ ይጨምራል፤ በስክሪኑ ላይ ግን የሚያስፈልገው ሦስት ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎንደር ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከአዲስ አበባው በአራት ቦታ ርቆ ይጻፋል። ተማሪዋ ይህን በወረቀት ላይ አስልታ ከስክሪኑ ጋር አመሳከረች፤ የታየው መዛነፍ ግን ከዚያ ያነሰ ነበር። ፕሮግራሙ ባይት ሳይሆን ቁምፊ ይቆጥር ነበር ማለት ነው። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ሆኖ ተገኘ። ተርሚናል የሚባለው የትእዛዝ መስኮት ስክሪኑን እኩል ስፋት ባላቸው ትናንሽ ቦታዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁምፊ አንድ ቦታ ይሰጣል፤ የተጠቀመበት የአማርኛ ፎንት ግን የጨን ስፋትና የነን ጥበት የሚያስተናግደው በራሱ ልክ ነው። ፕሮግራሙ በትክክል ቆጥሯል፤ ያዛነፈው ፎንቱ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ቀን ከዋለች በኋላ ትዕግሥቷ አለቀ። የአማርኛዎቹን የጣቢያ ስሞች አውጥታ በምትካቸው ሦስት ሦስት የላቲን ፊደላት ያሏቸውን ምሕጻረ ቃላት አስገባች፤ ፋይሉንም በትምህርት ክፍሉ ቤተ ሙከራ ወደሚገኘው አሮጌ ኮምፒውተር ወስዳ ያንኑ ትእዛዝ ሰጠችው። ሠንጠረዡ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። በላፕቶፑ ላይ በአንዳንድ ረድፎች መካከል ሰፋፊ ክፍተቶች አይታ ነበር፤ እነዚያንም የፊደሉ ጣጣ አድርጋ ቆጥራቸው ስለነበር፣ አሁን ሲጠፉ አልገረማትም። ቀጥ ያለውን ሠንጠረዥ በፋይል አስቀመጠችው። ከዚያም የየዓመቱን አማካይ ያሰላችው ከዚሁ ፋይል ላይ ሦስተኛውን ዓምድ በልግ፣ አራተኛውን ክረምት፣ አምስተኛውን በጋ ብላ እየለቀመች ነበር።

ውጤቱ አስደሳች መሰለ። በጥናቱ የመጨረሻ ዓመታት የበልግ ዝናብ እየጨመረ፣ የክረምቱ ደግሞ እየቀነሰ ታየ። ነገሩ ፈጽሞ የማይታመን አልነበረም። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ዋናው የዝናብ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው መሆኑ የታወቀ ነው፤ በደጋውም ተመሳሳይ ለውጥ ጀምሮ ይሆናል ብላ ጻፈች። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋማ ስፍራዎች በበልግ ዘርተው ክረምቱ ሳይበረታ አዝመራቸውን የሚሰበስቡ ገበሬዎች እንዳሉም ታውቅ ስለነበር፣ የበልግ እርሻ እንዲስፋፋ የሚመክር አንቀጽ በረቂቁ መደምደሚያ ላይ ጨመረች። ረቂቁ ለአማካሪዋ ተላከ፤ በትምህርት ክፍሉ ሴሚናር ላይ የምታቀርብበትም ቀን ተቆረጠ።

አማካሪዋ በረቂቁ ላይ ብዙ አልጻፉም። ቢሯቸው ጠርተው አባሪው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ዘረጉና ጣታቸውን በቀኝ ዳር በመጨረሻው ዓምድ ላይ አሳረፉ።

«ክፍተት ያለው በጋው ላይ ብቻ ነው» አሉ። «መዝጋቢዎቹ በልግና ክረምትን አንድም ቀን ሳይታመሙ ከርመው የሚታመሙት በበጋ ብቻ ነው?»

«በበጋ ዝናብ እምብዛም ስለማይኖር ሳይመዘግቡት ቀርተው ይሆናል ብዬ ነው፣ ዶክተር።»

«ዝናብ ከሌለ ዜሮ ይጻፋል። ዜሮ መለኪያው ታይቶ የተገኘ ውጤት ነው፤ ባዶው ግን መለኪያው አልታየም ማለት ነው። ይሆናል ያልሽውን መዝገቡ ላይ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ሂጂና እዪው።»

ተማሪዋ የወረቀት መዝገቦቹን ፎቶግራፎች አውጥታ ከፋይሉ ጋር ማመሳከር ጀመረች። በመዝገቦቹ ላይ ባዶ የቀረው ወቅት አንድ ዓይነት አልነበረም፤ አንዳንዱ በልግ፣ አንዳንዱ ክረምት፣ አንዳንዱ በጋ ነበር። በኮማ የተለያየው ፋይልም ይህንኑ በታማኝነት ይዟል። የተለወጠው ሠንጠረዡ ነው። በልጉ ባዶ በሆነባቸው ረድፎች ሁሉ የክረምቱ ቁጥር በበልግ ዓምድ፣ የበጋው በክረምት ዓምድ ሰፍሯል፤ ባዶውም ወደ ቀኝ ዳር ተገፍቷል። ለአብነት ያህል በልጉ ያልተመዘገበ፣ ክረምቱ 700፣ በጋው 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ረድፍ ቢኖር፣ በሠንጠረዡ ላይ በልጉ 700፣ ክረምቱ 60፣ በጋው ያልታወቀ ሆኖ ይነበባል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ምዝገባው እየላላ ባዶዎቹም እየበዙ ስለመጡ፣ የምዝገባው መዳከም የበልግ ዝናብ መጨመር መስሎ ታየ።

ምክንያቱ በፕሮግራሙ ጥንታዊ ልማድ ውስጥ ይገኛል። የበርክሌይን ሥሪት የተከተሉት የ«ኮለም» ዝርያዎች ተከታታይ መለያ ምልክቶችን እንደ አንድ ይቆጥራሉ። መለያው ባዶ ቦታ ሲሆን ይህ ተገቢ ነው፤ ሰው በሁለት ቃላት መካከል ሁለት ጊዜ ባዶ ቦታ ቢተው አዲስ ቃል አልፈጠረም። መለያው ኮማ ሲሆን ግን ሁለት ተከታታይ ኮማዎች በመካከላቸው አንድ ስፍራ ይዘዋል፤ ስፍራው ባዶ ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። በሊኑክስ ዘንድ የሚታወቀው ዩቲል-ሊኑክስ የተባለው ጥቅል ይህን ልማድ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 2.23 ሥሪት ነው፤ ከዚያ ወዲህ መለያው በግልጽ ከተሰጠው ባዶውን ስፍራ በቦታው ያቆየዋል። የመመሪያ ገጹም የድሮውንና የአዲሱን ውጤት በሁለት አጫጭር መስመሮች አስተያይቶ ያሳያል። የተማሪዋ ላፕቶፕ አዲሱን፣ የቤተ ሙከራው ኮምፒውተር አሮጌውን ይዘው ነበር። በላፕቶፑ ላይ ያየቻቸውና የፊደል ጣጣ ያለቻቸው ሰፋፊ ክፍተቶች በመዝገቡ ላይ ባዶ የቀሩት ወቅቶች ራሳቸው ነበሩ።

ማረሚያውም ራሱ ወጥመድ አለበት። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ለረጅም ጊዜ ይዞት በኖረው የ«ኮለም» ዝርያ ላይ «ኤን» የሚል አማራጭ ተጨምሮ ነበር፤ ሥራውም ተከታታይ መለያዎች እንዳይዋሐዱ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በ2.30 ሥሪት እንደ አዲስ በተጻፈው የዩቲል-ሊኑክስ «ኮለም» ውስጥ ግን ያው ፊደል ለሠንጠረዡ ስም መስጫ ሆኗል። ከአሮጌ ኮምፒውተር ወደ አዲስ የተቀዳ ስክሪፕት በአንድ ፊደል ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ያዝዛል ማለት ነው። በጥናት ጽሑፍ የአሠራር ክፍል ውስጥ የፕሮግራም ሥሪት ይጻፍ የሚባለው ለሥርዓት ያህል ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ባዶ ስፍራን በሠንጠረዥ ውስጥ የማኖር ችግር ከኮምፒውተር ይቀድማል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አውሳብዮስ ዘቂሳርያ አራቱ ወንጌላት በየት በየት እንደሚገናኙ የሚያመለክቱ የቁጥር ሠንጠረዦችን ሲያዘጋጅ ይኸው ጥያቄ ገጥሞታል። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን የብራና ወንጌላት እነዚህን ሠንጠረዦች በቅስትና በዓምድ ሥዕል መካከል አስፍረው ይዘዋል። በዚያ ገጽ ላይ የአንድ ቁጥር ትርጉም የቆመበት ዓምድ ነው፤ በማቴዎስ ዓምድ ያለው ቁጥር ወደ ማርቆስ ቢዛወር አንባቢውን ወደ ሌላ ምንባብ ይወስደዋል። አንድ ታሪክ በሦስት ወንጌል ብቻ ሲገኝ በአራተኛው ዓምድ ምን ይጻፍ? አውሳብዮስ መልሱን ያገኘው ሠንጠረዡን አሥር ቦታ በመክፈል ነው። አንደኛው አራቱ የሚጋሩትን፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ የሚጋሩትን፣ ከዚያ ሁለቱ የሚጋሩትን፣ የመጨረሻው እያንዳንዱ ወንጌል ለብቻው ያለውን ይዘዋል። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ የዓምዶቹን ቁጥር ያህል ሙሉ ስለሆነ የሚንሸራተት ባዶ የለም።

ተማሪዋ የወሰደችው መፍትሔ ከዚህ የቀለለ ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ በአሰላላፊው እጅ የሚገባ ረድፍ ባዶ ስፍራ አይኑረው። ሠንጠረዥ ከማሰለፏ በፊት በሁለት ኮማዎች መካከል ባዶ የሆነውን ሁሉ «የለም» በሚል ቃል ሞላች። ዜሮ ግን አልጻፈችም፤ ዜሮ ያልታየውን ታይቷል ብሎ መመስከር ይሆናልና። «ኦክ» በተባለው ሌላ የትእዛዝ መስመር መገልገያ የእያንዳንዱን መስመር ክፍሎች አስቆጠረች፤ አምስት ያልሆነ መስመር ሲገኝ ሥራው እንዲቆም አደረገች። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገባ ኮማን «ኮለም» ከመለያ እንደማይለይ ስላወቀችም፣ በአስተያየት መስጫው ላይ እንዲህ ያሉ ኮማዎች እንዳሉ ፈትሻ አስወገደች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዓይንንና የስሌትን ሥራ ለየች። «ኮለም» የሚያወጣው ሠንጠረዥ ለማየት ብቻ ይሆናል፤ አማካይና ንጽጽር የሚሠራው በኮማ ከተለያየው ከዋናው ፋይል ነው። ሠንጠረዡ አንዴ ከተሰለፈ ኮማዎቹ ጠፍተው በባዶ ቦታ ይተካሉ፤ ከዚያ በኋላ ለማሰለፍ የተጨመረው ባዶ ከመዝገብ ከጎደለው ባዶ ጋር ይመሳሰላልና።

ስሌቱ እንደገና ሲሠራ የበልግ ጭማሪ ጠፋ። የክረምቱ መቀነስም አብሮ ጠፋ። የቀረው፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከጎደሉት ምዝገባዎች ብዛት የተነሣ ስለ ለውጥ አቅጣጫ መናገር አይቻልም የሚል አጭር አንቀጽ ነው። የበልግ እርሻ ይስፋፋ የሚለው ምክር ተሠረዘ፤ ሴሚናሩም ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ። በዚህ ምክንያት የሄደባት አንድ የትምህርት ወሰን ነው። ስሕተቱ በአባሪ ሠንጠረዥ ላይ ተገኝቶ ባይያዝ ኖሮ ግን ዋጋውን የሚከፍለው፣ ምክሩን ሰምቶ የክረምት ማሳውን ለበልግ የሚያዞረው ገበሬ ይሆን ነበር።

በአዲሱ ሠንጠረዥ ላይ የላቲኖቹ ምሕጻረ ቃላት ወጥተው ደብረ ብርሃን፣ ጎንደርና ሌሎቹ በአማርኛ ስማቸው ተመልሰዋል። በእርሷ ስክሪን ላይ ዓምዶቹ አሁንም ጥቂት ዘመም ይላሉ፤ «የለም» የሚለውም ቃል በሦስቱ ወቅቶች ውስጥ ተበትኖ ይታያል። አማካሪዋ የታተመውን ቅጂ ሲመለከቱ ጣታቸውን በክረምት ዓምድ ላይ ባለ አንድ «የለም» ላይ አሳርፈው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ተማሪዋም ዓመቱንና ጣቢያውን ነግራ፣ መዝጋቢው ሳይሞላ ያለፈውን የመዝገብ ገጽ ፎቶግራፍ አውጥታ ሰጠቻቸው።